የዶሮና የዳክዬ ጫጩት በአንድ ሣጥን፦ መዝገቡ ምን ይላል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ሽንዲ፣ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ አንድ ሐሳብ ነው። በሚመጣው ዙር ከተዘዋዋሪ ብድሩ 30 አባላት ይወስዳሉ። ከደጋፊዎቻችን ወገን በቅንነት የቀረበልን ሐሳብ ለእያንዳንዷ አባል 10 የዶሮ ጫጩትና 10 የዳክዬ ጫጩት ይሰጣት፣ ማሞቂያ ሣጥኑም አንድ ይሁን የሚል ነው። አንድ ሣጥን ለሁለት ዓይነት ወፍ ሲሆን ወጪው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ከእናንተም መካከል «ምን አለበት፣ ሁለቱም ክንፍ አላቸው፣ ሁለቱም ጥሬ ይለቅማሉ» ያላችሁ አላችሁ። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት ጊዜ ስጡኝ ብዬ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጫጩት ምን ታውቃለች የምትል ካለች ልክ ናት፤ ሙያዬ ዲፕሎማዬ ላይ እንደተጻፈው ሒሳብ ነው። ነገር ግን የብድሩ መዝገብ እኔ ጋ ነው ያለው። ለዶሮ ተብሎ የወጣ ገንዘብ በቀኑ ሳይመለስ ሲቀር ምክንያቱን የምጽፍበት ዓምድ አለኝ። በዚያ ዓምድ «ገበያ ጠፋ» የሚል እምብዛም አይገኝም። የሚበዛው አንድ ቃል ነው፦ «ሞቱብኝ»።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በአገራችን በገጠር አያያዝ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የዶሮ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ግማሹ ማለት ነው። ብርድ፣ ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥ፣ ፈንግል፣ የመኖ ማነስ፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይወስዳል። እንግዲህ የዶሮ ሥራ ትርፉም ኪሳራውም የሚወሰነው በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዶሮ ራሱን የሚያውቅ ዶሮ ነው።

አሁን በየቀበሌው የምንገዛቸውን የ45 ቀን ቄቦች አስቡ፤ ሳሶም ትሁን ቦቫንስ። የአንድ ቀን ጫጩት ዋጋና የ45 ቀን ቄብ ዋጋ እጅግ ይራራቃል። በመካከል ያለው ልዩነት የማን ገንዘብ ነው? እነዚያን 45 ቀናት በሙቀት፣ በመኖና በክትባት ያሻገራቸው ሰው ነው የሚወስደው። ማኅበራችን በዚህ ዙር ሊገባበት ያሰበው ሥራ ይኸው ነው፤ ጫጩት አሳድጎ ቄብ መሸጥ። ስለዚህ ወደ ሣጥኑ የሚገባ ማንኛውም እንግዳ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጫጩቶቹ 45 ቀን እንዲደርሱ ያግዛል ወይስ ያሰናክላል?

ዳክዬው የሚያመጣውን ልንገራችሁ። ለዚህ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን ጠይቄያለሁ፣ የሚነበበውንም አንብቤያለሁ።

የመጀመሪያው ነገር ውኃ ነው። የዶሮ ጫጩት ውኃ ስትጠጣ ጫፍ ጫፉን ነካ አድርጋ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናለች። የዳክዬ ጫጩት ግን መንቁሩን እስከ አፍንጫው ይነክራል። መንከርም አለበት፤ አፍንጫውንና ዓይኑን የሚያጥበው በዚያ ነው። ውኃው ጥልቅ ካልሆነ ይታመማል፣ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የዶሮ ጫጩት ገብታ ትሞትበታለች። ከዚያ ነክሮ ያወጣውን መንቁር ወደ መኖው ይወስደዋል፣ መኖውን ይዞ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሲመላለስ ውሎ ማታ ላይ ሣጥኑን ብታዩት እንኳን ጉዝጓዙ ግድግዳውም ርሷል። ኩሱም ቀጭንና ብዙ ነው። ሰጋቱራ ብታነጥፉ፣ የጤፍ ጭድ ብታነጥፉ ያው ነው፤ በየቀኑ መለወጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ለዳክዬው ይህ ምንም አይደለም። ለዶሮ ጫጩት ግን የረጠበ ጉዝጓዝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ብርድ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ላባ እስክታወጣ ይቀጥላል። ሆዷ የረጠበ ጫጩት ሣጥኑ ቢሞቅም ትበርዳለች። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ጫጩቶቹን ራሳቸውን አንብቡ፦ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ከፍተው ጥግ ጥግ ከያዙ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው የሚለቅሙ ከሆነ ደኅና ናቸው።

ሁለተኛው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው፣ እኛ ደም ያለው ተቅማጥ የምንለው ነው። ጫጩቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ክንፏን ጥላ ትቆዝማለች፣ ኩሷ ደም ይቀላቅላል፣ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። የበሽታው ዘር በኩስ ይወጣል፣ ነገር ግን ወዲያው አይጎዳም። ሌላዋን ጫጩት የሚይዘው ሙቀትና እርጥበት አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይና ሲበስል ነው። ጉዝጓዙ ደረቅ ከሆነ አብዛኛው ሳይበስል ይቀራል። እዚህ ላይ ዳክዬውን ያለ ኃጢአቱ አንክሰሰው። የዶሮ ኮክሲዲዮሲስ ዳክዬን አይዝም፣ የዳክዬውም ዶሮን አይዝም። ዳክዬው በሽታውን አያመጣም፤ ግን ቤቱን ጠርጎ፣ አሙቆና አርጥቦ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ጋር አንድ የእኛን አገር መላ ላንሣ። የድርቆሽ ሣጥን የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ጂማ ላይ በነበሩ የዶሮ ተመራማሪዎች የተጠናና ለገጠር ቤት የተመከረ ነገር ነው። የእንጨት ሣጥን ነው፤ ዙሪያው ድርቆሽ ተጠቅጥቆበት መካከሉ ለጫጩቶቹ ይቀራል፣ ከላይም ድርቆሽ የተሞላ ክዳን ይደረግበታል፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይተውለታል። ጫጩቶቹ የገዛ ገላቸው ሙቀት ከውስጥ ታፍኖ ያሞቃቸዋል። ቀን ቀን ወደ ተከለለ ሜዳ ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ስንት ጫጩት እንደሚያልቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከሰልም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለጫጩቱ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚተኛው ልጅም አደገኛ ነው፤ ይህን ሳልናገር እንዳላልፍ ብዬ ነው። እንግዲህ የእኛ የማሞቂያ ወጪ ወደ ዜሮ የሚወርደው በዚህ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ የሚሠራው ደግሞ ድርቆሹ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። አንድ ሌሊት አሥር የዳክዬ ጫጩት ያደረበት ድርቆሽ ሙቀት አይዝም። ሰንብቶ ይሻግታል።

ስለዚህ «አንድ ሣጥን ወጪ ይቀንሳል» የሚለውን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ገበያው የሚለውን በቦታቸው እናንተ አስገቡ። የአንድ ወር ማሞቂያ 300 ብር ነው እንበል። ሁለት ሣጥን ቢሆን 600 ይሆናል። አንድ ላይ ስናደርጋቸው 300 ብር አተረፍን። አሁን በእርጥበቱ ምክንያት አራት የዶሮ ጫጩት ተጨማሪ ቢሞት፣ የአንድ ወር ጫጩት 150 ብር ብታወጣ፣ 600 ብር ሄደ። ይህ ጉዝጓዝ ለመለወጥ የሚባክነውን ድካም ሳልቆጥር ነው። የሴት ድካም በአገራችን መዝገብ ላይ አይጻፍም፣ እኔ ግን መጻፍ አለበት ባይ ነኝ።

የሞተ ጫጩት ሒሳብ ደግሞ በሞተው ላይ አያበቃም። አሥር ጫጩት በ800 ብር ገዛሽ፣ ለመኖና ለሌላው 700 ብር አወጣሽ፤ ጠቅላላ 1500 ብር። አሥሩም ከደረሱ እያንዳንዳቸው 150 ብር ወስደዋል። ስምንት ከደረሱ የአንዷ ዋጋ 187 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ስድስት ብቻ ከደረሱ 250 ብር ነው። ገበያው ላይ ያለው ገዢ ግን «ስንት ሞተብሽ?» ብሎ አይጨምርልሽም። የሞቱት የበሉት በሕይወት ባሉት ጀርባ ላይ ይጫናል።

ሌላው መኖ ነው። የዳክዬ ጫጩት ናያሲን ከሚባለው ቪታሚን የዶሮ ጫጩት ከምትፈልገው እጥፍ ያህል ይፈልጋል። የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻ ሲበላ ከሰነበተ እግሩ ይጎብጣል፣ መቆም ያቅተዋል። በሌላ አገር ለዚህ የቢራ እርሾ ይጨምሩለታል። በእኛ ቤት እርሾ ያለው አተላ ውስጥ ነው፤ በደንብ ደርቆ ተፈጭቶ በጥቂቱ ከመኖ ጋር ሊሰጥ ይችላል፤ እርጥቡን ግን ለጫጩት አትስጡ። መድኃኒት ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ለዶሮ ጫጩት ተብሎ መኖ ውስጥ የተቀላቀለ መድኃኒት መጠኑ የተሰላው በእርሷ አበላል ነው። ዳክዬው ብዙ ስለሚበላ ብዙ ይወስዳል። ባለሙያ ሳትጠይቁ አታቀላቅሉ።

የመኖ ነገር ካነሣሁ ዘንድ ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልናገር። እኛ የበቆሎና የበርበሬ አገር ሰዎች ነን። ዝናብ ያገኘው፣ ጎተራ ውስጥ የሻገተው በቆሎ ለሰው አይሆንም ስንል ምን እንላለን? «ለዶሮ ይሁን።» ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ይህ መርዝ በዓለም የታወቀው በወፎች ሞት ነው። በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የፈረንጅ ዶሮ፣ ተርኪ የሚሉት፣ በአንድ ወቅት አለቀባቸው። የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። በሽታው ምን እንደሆነ ስላላወቁ ስም እንኳን አጥተውለት ነበር። ሲመረመር መኖው ውስጥ የገባው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሳይንቲስቶች አንድ እህል መርዙ እንዳለበት ለማወቅ ለዳክዬ ጫጩት ሰጥተው ጉበቱን ያዩ ነበር፤ ከቤት ወፎች ሁሉ ቶሎ የሚጎዳው እርሱ ስለሆነ ነው። የዶሮ ጫጩት ከእርሱ ይልቅ ትችላለች። ትችላለች ማለት ግን አትጎዳም ማለት አይደለም፤ አታድግም፣ ክትባት ቢሰጣትም በደንብ አይይዝላትም። ሁለቱን በአንድ ሣጥን አድርጋ ከአንድ ገበቴ የምታበላ ሴት የሻገተ በቆሎ ብትሰጣቸው ዳክዬዎቹ መጀመሪያ ይወድቃሉ። የሻገተውን ለማንም አትስጡ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም፣ መቁላትም መርዙን አያጠፋውም።

ወደ ፈንግል ልሂድ። እዚህ ውስጥ ፈንግል ቤቷን ያልጎበኘባት ሴት ካለች እጇን ታውጣ። ጠዋት ደኅና የነበረች ዶሮ ማታ አንገቷ ተጣምሞ ትገኛለች፣ በሦስት ቀን ግቢው ባዶ ይሆናል። ዳክዬ ይህንን በሽታ ይሸከማል፣ እርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም። ገበያ ላይ ጤነኛ መስሏችሁ የገዛችሁት ዳክዬ ቤታችሁ ላሉት ዶሮዎች ፈንግል ይዞ ሊገባ ይችላል። ከታመመች ዶሮ ትሸሻላችሁ፤ ካልታመመ ዳክዬ እንዴት ትሸሻላችሁ? ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ዳክዬና ዶሮ አንድ ላይ አይደሩ፣ አዲስ የተገዛ ወፍ ሁሉ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ የሚሉት።

የወፍ ጉንፋን የሚባለውንም ታስታውሳላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ወሬው አገሩን ሲሞላ ሰው ዶሮ መብላት ተወ። በሽታው በአገራችን መግባቱ አልተረጋገጠም፣ ዋጋው ግን ወደቀ። ያን በሽታ በዓለም ላይ የሚያዟዙረው በአብዛኛው የውኃ ወፍ ነው፤ የቤት ዳክዬ ደግሞ በዱሩ የውኃ ወፍና በዶሮው መካከል ድልድይ ይሆናል። ወሬ ብቻውን ገበያ እንደሚጥል ካየን፣ ዶሮና ዳክዬ ተቀላቅለው የሚኖሩበት ግቢ ገዢውን ያሸሸዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ገበያ ካልኩ የዳክዬው ገበያ የታለ? በሽንዲ ገበያ የዳክዬ እንቁላል ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ስሄድ በዓይኔ እፈልጋለሁ፣ አላየሁም። በአካባቢያችን ዳክዬ አይበላም። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዱ ሃይማኖት ነው ይለኛል፣ ሌላው ልማድ ነው ይላል፤ እኔ በዚህ ውስጥ አልገባም። የማውቀው የእኛ ወጥ 12 ብልት ያለው የዶሮ ወጥ መሆኑን ነው። ዶሮን የሚገዛን ፋሲካ ነው፣ እንቁጣጣሽ ነው፣ ገና ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የሚገዛን ሰው ይቀንሳል፤ በዓሉ ሲመጣ ደግሞ አውራ ዶሮ ይወደዳል። ይህን ቀን ቆጥረን ጫጩት የምንገዛበትን ወር መወሰን እንችላለን። ለዳክዬ የሚቆጠር ቀን የለንም። አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ የውጭ አገር ምግብ ቤቶች ይገዙ ይሆናል፤ ከሽንዲ እስከዚያ አሥር ዳክዬ ይዛ የምትሄድ ሴት የመኪናውን ሒሳብ ትሥራው።

ለዳክዬው ፍርድ ላለማጉደል ያለውን ጥቅም ልናገር። በእስያ የሩዝ አገሮች ዳክዬ የገበሬ ረዳት ነው። ጃፓናዊው ገበሬ ታካዎ ፉሩኖ ዳክዬዎችን ሩዝ ማሳው ውስጥ ለቅቆ አረሙንና ነፍሳቱን እያስለቀመ፣ ኩሳቸውን እያዳበረበት ሲያርስ ዓለም ሁሉ ሊያየው ሄዷል። ዳክዬ ቀንድ አውጣም ይበላል። ጨፌ ላይ ከብቶቻችንን የሚያከሳው የጉበት ትል የሚያድገው በትናንሽ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር ወይም ጨፌ ዳር ቤት ላላት ሴት ዳክዬ ከእንቁላሉ በላይ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ብርድ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል። እርሱ መጥፎ ወፍ አይደለም። ሣጥኑ የዶሮ ሣጥን መሆኑ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ሣጥን አልፈልግም፣ እናት ዶሮ አስታቅፋለሁ» ትላላችሁ። ይህ ከሣጥኑ የተሻለ መንገድ ነው፣ ቀኑን ለሚያውቅ ሰው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ የተለመደው ዳክዬ በ28። ሁለቱን በአንድ ቀን ካስታቀፍሽ የዶሮዎቹ ጫጩቶች ወጥተው እናታቸው ከጎጆው ትነሣለች፣ የዳክዬው እንቁላል ሳምንት ሲቀረው ይበርዳል። ስለዚህ የዳክዬውን ሰኞ አስታቅፈሽ የዶሮውን በሚቀጥለው ሰኞ ትጨምሪለታለሽ። የዳክዬ እንቁላል ትልቅ ስለሆነ የአገራችን ዶሮ ከአምስት ከስድስት በላይ በደንብ አትሸፍንም። እርጥበት ይፈልጋልና በመጨረሻዎቹ ቀናት ለብ ያለ ውኃ ረጨት ማድረግ ይረዳል። እናቲቱ 28 ቀን ሙሉ ስለምትቀመጥ መኖና ውኃ ከአጠገቧ አይራቅ፣ ከስታ ትነሣለችና።

በዚህ ነገር የአገራችን ዶሮ ሙያዋ የታወቀ ነው። ከእኛ ብዙም የማትርቀዋ የጥሊሊ ዶሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገር ዶሮዎችን ባጠኑ ተመራማሪዎች በስሟ ተመዝግባለች። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው ብለን እንንቃታለን። ያነሰው መታቀፍና ማሳደግ ስለምትወድ ነው። የውጭዋ ዶሮ እንቁላል ትሰጥሻለች፣ መታቀፍ ግን ረስታለች። እናት ዶሮ ማለት መብራት የማይጠፋባት ማሞቂያ ናት።

ነገር ግን ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ ይዛ ስትወጣ ተመልከቷት። የዳክዬዎቹ ጫጩቶች ውኃ ሲያዩ ይገባሉ። እርሷ ዳር ቆማ ትጮሃለች፣ ትመላለሳለች። የዶሮዎቹ ጫጩቶች ከኋላዋ በርዷቸው፣ ክንፍ አጥተው ይቆማሉ፤ ጭልፊት የሚጠብቀው ያንን ሰዓት ነው። ለዳክዬዎቹም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዋኘት አይበጃቸውም። ከዳክዬ እናት የሚያገኙት ቅባት ስለሌላቸው ይረጥባሉ፣ ይበርዳቸዋል። ስለዚህ ዳክዬ የምታስታቅፍ ለብቻ ታስታቅፍ፤ ለእናት ዶሮዋ አንድ ዓይነት ልጅ ይበቃታል።

እንግዲህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የብድሩ ገንዘብ ለ30ዎቹም አባላት ለዶሮ ጫጩት ብቻ ይዋል። ሣጥኑ የድርቆሽ ይሁን። ዳክዬን ከወንዝ ወይም ከጨፌ አጠገብ የሚኖሩ ሦስት ፈቃደኛ አባላት ይሞክሩት፤ ግን ከብድር አይሁን። ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ያልታወቀ ነገር መሞከር ጥሩ ነው፣ አዲስ ነገር ሁሉ የሚጀመረው እንዲያ ነው። የሙከራው ኪሳራ ግን ልጆቿን በምታበላበት ገንዘብ ዕዳ ገብታ በምትሞክር ሴት ላይ መውደቅ የለበትም። ዳክዬውን ማየት ከፈለጋችሁ በስጦታ ስጡን። ዓመቱን ሙሉ እንመዘግባለን፣ የበላውን፣ የጣለውን፣ የሞተውን፣ የተሸጠውን፤ ከመዝገቡ ጋር እንልክላችኋለን። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ በሚቀጥለው ዙር ብድር ውስጥ ይግባ።

ስለ ክትባቱም እንድትወስኑ እፈልጋለሁ። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፣ በአገራችን አለ። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። አሥር ጫጩት ያላት ሴት ብቻዋን ብልቃጥ ብትገዛ አብዛኛውን ትደፋለች፤ ውድ ስለሚሆንባት ትተወዋለች፣ ትታውም ፈንግል ይመጣል። አሥር ሴቶች በአንድ ቀን ጫጩቶቻቸውን ይዘው ቢሰበሰቡ ግን የአንዷ ድርሻ ትንሽ ብር ነው። ማኅበር የተቋቋመውስ ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ክትባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን ላይ በጠብታ ነው፣ ቀጣዩን ባለሙያው ቀኑን ይነግረናል። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ አለብን፤ ፈንግል ዝናብ ሲጀምርና በዓል ሲደርስ ይበረታልና።

መዝገብን በተመለከተ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ደብተር ይሰጣችኋል። አራት ዓምድ አለው፦ የገዛሁት፣ ያወጣሁት፣ የሸጥኩት፣ የሞተብኝ። አራተኛውን ዓምድ እንዳታፍሩበት። ቀኑንና ምልክቱን ጻፉ፤ ርጥብ ነበረ፣ ደም ነበረው፣ አንገቷ ተጣመመ፣ ጭልፊት ወሰደ። በወር መጨረሻ ሁላችንም አንድ ላይ ስናየው የማን ሣጥን እንደሚያፈስ፣ የየትኛው ሰፈር ጫጩት እንደታመመ ይገለጥልናል። መጻፍ የማትችሉ እትዬዎች ልጅ ይጽፍላችሁ፣ ልጅ ከሌለ ለሞተ ሁሉ አንድ የበቆሎ ፍሬ በጣሳ ውስጥ ጣሉ፤ እኔ መጥቼ እቆጥራለሁ። ያልሻገተ ፍሬ ይሁን እንጂ።

ድርቆሽ ሣጥን የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊዋ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጣውላና ምስማር ማኅበሩ ያቀርባል፤ ድርቆሹን እያንዳንዳችሁ ከየቤታችሁ ታመጣላችሁ፣ ደረቁን። ዳክዬ ለመሞከር የምትፈልጉ ሦስቱም እዚያው ተመዝገቡ፤ ቤታችሁ ከውኃ ምን ያህል እንደሚርቅ ማስጻፍ አትርሱ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።